ማኅደሩና መንገዱ

ዊንጌት የሚኖር ሰው ድምፅ የሚቀርጸው በሌሊት ነው። ቀን ቀን ከአደባባዩ የሚነሣው የታክሲ ረዳቶች ጥሪ፣ ወደ አስኮና ወደ ጳውሎስ የሚጣደፈው የመኪና ጥሩምባ፣ የብየዳ ቤቱ መፍጫ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ልጆች ጫጫታ፣ ሁሉም ሳይጋበዙ ወደ ማይክሮፎኑ ይገባሉ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ደግሞ ውሾች ተራቸውን ይረከባሉ፤ ክረምት ከሆነም ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ አለ። ስለዚህ በጓሮዬ ባለችው ጠባብ የሰርቪስ ክፍል፣ ግድግዳዋን በአሮጌ ፍራሽና በብርድ ልብስ አልብሼ፣ ለስድስት ዓመታት የሠራሁት ሥራ ሁሉ ከውሻ ጩኸትና ከዝናብ መካከል የተለቀመ ነው ማለት ይቻላል።

የሙዚቃ ባለሙያ አይደለሁም። ግጥም እጽፋለሁ፤ ተውኔት እደርሳለሁ። ይሁንና በዘመናችን ግጥምንና ዜማን አዋሕዶ ለራዲዮ ወይም ለመድረክ የሚያዘጋጅ ደራሲ፣ የድምፅ ባለሙያ የሚቀጥርበት ገንዘብ ከሌለው፣ ወዶም ሆነ ተገዶ የመቅረጫውን ሥራ መማሩ አይቀርም። ዛሬ ለአንባቢያን የማወጋው ባለፈው ዓመት ከአንዱ የድምፅ መቅረጫ ፕሮግራም ወደ ሌላው ስሸጋገር የደረሰብኝን ነው። ነገሩ ሲሰሙት የኮምፒዩተር ጣጣ ይመስላል። እኔን ግን አሥራ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣኝ የአንድ ሟች አዛውንት መሲንቆ ነበር።

ሥራው በግጥም የተጻፈ የራዲዮ ተውኔት ነው። አንድ ተራኪ፣ አንዲት እናት፣ አምስት ሴቶች ያሉበት የአዝማች ጓድ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮና መሲንቆ አሉበት። በጠቅላላው 41 ትራክ ሆኖ ነበር። መሲንቆውን የተጫወቱት ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ እያለ የሚጠራቸው፣ በጉልምስናቸው ዘመን በካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ብዙ ሌሊት ያነጉ ሰው ነበሩ። የጆሮ ማዳመጫውን ባደርግላቸው አውልቀው አስቀመጡት። የምት መቁጠሪያውን ድምፅ ባሰማቸው «ይኼን የሚያንኳኳውን ሰውዬ አስወጣልኝ» አሉኝ። ከተራኪው ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠው፣ እርሱ ስንኝ ሲወረውር እርሳቸው በመሲንቆው እየመለሱ፣ በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ ተጫወቱልኝ። ሁለተኛውን ያዝሁ። ጥር ላይ ዐረፉ። ልጃቸው «ለሙት ዓመቱ እንድናሰማው ያን የቀረጽኸውን ጨርስልኝ» ስትለኝ፣ ሥራው ካለቀ ቆየ፣ ማውጣት ብቻ ነው የቀረው ብዬ ቃል ገባሁ።

ቃሌን በሰጠሁ በሳምንቱ ኮምፒዩተሬ አርጅቶ ሞተ። ሥራው ያለበት ዲስክ ደኅና ነበር። ይሠራበት የነበረው ፕሮግራም ግን፣ እዚህ ላይ መናዘዝ ይገባኛል፣ ብዙዎቻችን እንደምናደርገው ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የተቀባበልነው፣ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ ነበርና በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ አልነሣ አለ። አንድ ትክክለኛው ፕሮግራም ያለው ባለሙያ ዘንድ ዲስኩን ይዤ ሄድሁ። «ትራኮቹን አውጣልኝ» አልሁት፤ ትራኮቹን አወጣልኝ። 41ዱም ከዜሮ ሰከንድ የሚጀምሩ፣ በየስማቸው የተሰየሙ፣ በሰባት ማኅደሮች የተከፋፈሉ የድምፅ ፋይሎች ሆነው መጡ። ሰውየው የታዘዘውን በሚገባ ፈጽሟል። ያላዘዝሁትን ያላዘዝሁት እኔ ነኝ። ወር ሳይሞላውም ስቱዲዮውን ዘግቶ ከሀገር ወጣ።

አዲሱን ሥራ ለመጀመር የመረጥሁት ሪፐር የተባለውን ፕሮግራም ነው። ለ60 ቀን በነጻ ሊሞከር ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ለግለሰብ የሚጠየቀው ዋጋ 60 ዶላር ነው። ዶላሩን እንዴት እንዳገኘሁት የሌላ ጽሑፍ ርእስ ይሁንና፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለቤት የሆንሁበት ፕሮግራም ይኸው ነው። ፋይሎቹን በየማኅደራቸው ደረደርኋቸው፤ ቀለም ቀባኋቸው። ሁሉም እንደ ጥንቱ በየቦታው ተቀምጦ ሳየው፣ የቤት ዕቃውን ሳይሰብር አዲስ ቤት እንደ ገባ ሰው ደስ አለኝ። ከዚያም ማጫወቻውን ነካሁ።

የሰማሁትን እንዴት ልግለጸው? አዝማቾቹ አምስት መሆናቸው ቀርቶ ገበያ ሆኑ። ተራኪው ከከበሮው ሥር ገብቶ ሰጠመ። እናትየው በመጨረሻው ትዕይንት ድምፅዋ እየራቀ ሄዶ ማሚቶው ብቻ ይቀር የነበረው፣ ማሚቶውም አብሮ ጠፋ። መሲንቆው ደግሞ ደርቆ፣ ጆሮዬ ሥር ተቀምጦ የሚገዘግዝ ሆነ። አንዲት ኖታ አልጎደለችም። ሁሉም ድምፅ አለ፤ ሥራው ግን የለም።

የእህቴ ልጅ አምስት ኪሎ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተማረች ናት። በማግሥቱ መጥታ አዳመጠችና ሳቀች። «ጋሼ፣ ድሮ ማኅደሮችህ ድምፅ ያስተላልፉ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ጥያቄው አልገባኝም። በመስኮቱ በኩል ወደ አደባባዩ እያመለከተች፣ «እዚያ ታክሲ ተራ የፒያሳ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰውና ታክሲው ውስጥ የገባ ሰው አንድ ነው?» አለች። አይደለም አልኋት። «እንግዲህ በድሮው ፕሮግራምህ ማኅደሩ ሰልፉ ነው፤ ታክሲው ሌላ ነው። በዚህኛው ግን ሰልፍ የያዘ ሁሉ ተሳፍሯል።»

ከዚያ ወዲህ ነገሩን በራሴ መንገድ አጥንቼዋለሁ፤ ለመምህራንና ለክበባት አዘጋጆች ይጠቅም እንደሆነ በአጭሩ ላስረዳ። በስቱዲዮ ቋንቋ «ፎልደር» የሚባለውን ማኅደር ማለት ይቀናኛል። የብራና መጽሐፍ በቆዳ ማኅደሩ ሲቀመጥ፣ ማኅደሩ ይጠብቀዋል፣ በትከሻ ያስይዘዋል እንጂ ቃሉን አይለውጥም። በአንዳንድ ፕሮግራሞች ዘንድ የትራክ ማኅደር እንዲህ ነው። ለምሳሌ በኪዩቤዝ ውስጥ ማኅደር ትራኮችን ለዐይን ይሰበስባል፤ ድምፃቸውን የሚሰበስበው ግን «ግሩፕ» የተባለ ሌላ መስመር ነው። ሎጂክ ሁለቱንም ዐይነት ስብስብ ለይቶ ያቀርባል። ፕሮ ቱልስም እ.ኤ.አ. በ2020 ማኅደርን ሲያስገባ፣ አንዱን ለማሳደሪያ ብቻ፣ ሌላውን ለድምፅ ማስተላለፊያ ጭምር አድርጎ በሁለት ከፍሎታል። በሪፐር ግን ማንኛውም ትራክ ማኅደር መሆን ይችላል፤ ማኅደር በሆነበት ቅጽበትም በሥሩ ያሉት ልጆች ድምፅ ወደ እርሱ ይፈስሳል። እዚያ መቀመጥ መዝናዊ ዝምድና አለው፤ የወላጁን ድምፅ ዝቅ ብታደርግ ልጆቹ ሁሉ ዝቅ ይላሉ።

ድምፆች ተሰብስበው የሚሄዱበትን መስመር ባለሙያዎቹ «ባስ» ይሉታል። ለብዙ ዓመታት ከቤዝ ጊታር ጋር ሳምታታው ኖሬያለሁ። ቃሉ ግን በየቀኑ የምንጋፋበት አውቶቡስ ራሱ ነው። በላቲን «ኦምኒቡስ» ማለት «ለሁሉም» ማለት ሲሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሣዮች ማንም ከፍሎ የሚሳፈርበትን ሠረገላ በዚህ ስም ጠሩት። የኤሌክትሪክ ሰዎችም ብዙ መስመሮች የሚገናኙበትን ወፍራም የመዳብ ዘንግ በዚያው ስም ሰየሙት፤ ከዚያ ወደ ድምፅ ማቀላቀያው ገበታ ገባ። ዊንጌት ላይ አንበሳ አውቶቡስ ለመያዝ ተሰልፌ ይህን ሳስብ ብቻዬን ሳቅሁ። ከፊቴ ያለችው ሴትዮ ገላምጣኛለች።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የተሳሳትሁት አንድ ጊዜ አልነበረም። የድሮውን ልማዴን ይዤ፣ ከማኅደሮቹ ውጪ ለአዝማቾች አንድ፣ ለሙዚቃው አንድ፣ ለንግግሩ አንድ መሰብሰቢያ ትራክ ከፈትሁና ድምፆቹን ወደዚያ ላክሁ። አዝማቾቹ ከመለዘብ ይልቅ ባሰባቸው። ለካ በማኅደሩ በኩል የሚሄደውን መንገድ አልዘጋሁትም ነበር። አንዱ ድምፅ በሁለት በር እየወጣ ዋናው መውጫ ላይ ከራሱ ጋር ይደመራል። አንድ ድምፅ ከትክክለኛ ቅጂው ጋር ሲደመር በ6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ የእህቴ ልጅ «አንድ ሰው ሁለት ታክሲ ተሳፍሮ ፒያሳ ላይ ከራሱ ጋር ተገናኘ» ያለችው ይህንኑ ነው። በእያንዳንዱ ትራክ ላይ ወደ ወላጅ የሚወስደውን መስመር የሚዘጋ ምልክት አለ። ያን ስዘጋ አዝማቾቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

የእናትየው ማሚቶ ሌላ ጣጣ ነበረው። ከአንድ ትራክ ወደ ማሚቶ መስጫው የሚላከው ድምፅ ከመጠን መቆጣጠሪያው በፊት ወይም በኋላ ሊቀዳ ይችላል። በኋላ ከተቀዳ፣ ድምፁን ስትቀንስ ማሚቶውም ይቀንሳል። በፊት ከተቀዳ ግን ሰውየዋ ሄዳ ማሚቶዋ ይቀራል። እኔ ያን ትዕይንት የጻፍሁት በዚህ ነበር፤ በወረቀት ሳይሆን በአንዲት ቁልፍ! አዲሱ ፕሮግራም ካላዘዙት በቀር ከመቆጣጠሪያው በኋላ ይልካል። ቁልፉን ለወጥሁ፤ እናትየዋ እንደገና በትክክል ሞተች።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ተራኪው ሲናገር ሙዚቃው ዝቅ እንዲልለት አደረግሁ። ይህም ኮምፕሬሰር የተባለውን የድምፅ መጫኛ በሙዚቃው ማኅደር ላይ አስቀምጦ፣ የሚጫንበትን ምክንያት ከተራኪው ድምፅ እንዲወስድ በማድረግ ነው፤ ለዚህም የተራኪውን ድምፅ ወደ 3ኛውና 4ኛው የማኅደሩ ቻነል መላክ ያስፈልጋል። ተራኪው አፉን ሲከፍት ክራሩም ዋሽንቱም ከበሮውም መሲንቆውም ጎንበስ አሉለት። ሲዘጋ ቀና አሉ። አለቀ ብዬ ተኛሁ።

አላለቀም። በነጋታው ሳዳምጠው አንድ ነገር ያሳፍረኛል፤ ምን እንደሆነ ግን መናገር አልችልም። ሌሊት ሌሊት ቁልፍ ለቁልፍ ስንከራተት ባጀሁ። በመጨረሻ፣ ለአዛውንቱ ከመታመማቸው በፊት ረቂቁን በቴሌግራም ልኬላቸው እንደ ነበር ትዝ አለኝ። የእኔ ስልክ ከጠፋ ቆይቷል። የእርሳቸው ግን በልጃቸው እጅ ይገኛል። ሩፋኤል ድረስ ሄጄ፣ ቡና እስኪፈላ፣ ያንን የታመቀ፣ ጠርዙ የተበላ ድምፅ በትንሿ የስልክ ድምፅ ማጉያ ሰማሁት።

በዚያ ረቂቅ ውስጥ መሲንቆው አይጎነበስም። ተራኪው በኃይል ሲናገር እውነት ነው ትንሽ ያፈገፍጋል። ነገር ግን ተራኪው ለትንፋሽ ሲያቆም መሲንቆው ተነሥቶ ቦታውን ይይዛል፤ ተራኪው ሲመለስም ወዲያው አይለቅለትም። ሁለቱ በተደራረቡባቸው ጥቂት ቦታዎች የተራኪው ድምፅ ራሱ ለአፍታ ይኮሰምናል። አንዱ ሌላውን እየገፋ፣ እየተገፋ ይሄዳሉ። ጉልበት ለጉልበት።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በአንዱ ሌሊት፣ የመሲንቆውን ትራክ ከክራርና ከዋሽንት ጋር «የሀገር መሣሪያ» በሚለው ማኅደር እንዳለ ትቼ፣ ድምፁን ግን ከተራኪው ጋር በአንድ ባስ ሰድጄው ነበር። በዚያ ባስ ላይ ያለው መጫኛ ሁለቱን በአንድነት ይጫናል። ከሁለቱ የበረታው ሌላውን ዝቅ ያደርገዋል። ለዐይን መሲንቆው ከመሣሪያዎች ወገን ነበረ፤ ለጆሮ ከተናጋሪዎች ወገን። ይህ እንግዲህ የትም አልተጻፈም። ፋይሎቹን ሲያወጡ አልወጣም፤ ማኅደሮቹን ስደረድር አልታየም። አዲሱ ፕሮግራም ማኅደሩን መንገድ ስላደረገው፣ እኔም በማኅደሩ አምኜ መሲንቆውን ከመሣሪያዎች ጋር ለተራኪው ሎሌ አድርጌው ኖሯል። ያሳፈረኝ ይኼ ነበር። ሰውየው በሕይወታቸው ለማንም ንግግር ዝም ያሉ ሰው አልነበሩም።

እነሆ በተውኔት ሥራም ይህን አውቀዋለሁ ብዬ እመካ ነበር። በተዋንያን ዝርዝር ላይ «አገልጋይ» ተብሎ የተጻፈው ሰው፣ በመድረኩ ላይ ከንጉሡ ጋር እኩል የሚናገርበት ትዕይንት አለ። ዝርዝሩን አይቶ ያዘጋጀ ሰው ትዕይንቱን ይገድለዋል። ለዚህ ነው አዘጋጅ በተውኔቱ ጽሑፍ ጠርዝ ላይ ማን ከየት ተነሥቶ ወደ የት እንደሚሄድ በእርሳስ የሚጽፈው። ለመድረክ ይህን ሳደርግ ሃያ ዓመት አለፈኝ። ለድምፅ ግን አንድም ቀን አላደረግሁትም።

የቀድሞዎቹ ይህ ጭንቀት አልነበረባቸውም። ዐምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ባሳተማቸው ከመቶ በላይ ሸክላዎች ላይ የምንሰማው ድምፅ፣ ባንዱ በአንድነት እየተጫወተ በጥቂት ማይክሮፎን ወደ ክር የገባ ነው። ሚዛኑ በዚያው ሰዓት ታሰረ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ እነዚያን ሥራዎች ሰብስቦ «ኤትዮፒክ» በተሰኙት ተከታታይ እትሞች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለዓለም ሲያሰማ፣ ድምፁ በየት በኩል ያልፍ እንደ ነበር ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ቢትልስም እ.ኤ.አ. በ1967 «ሳርጀንት ፔፐር»ን ሲሠሩ የነበራቸው አራት ትራክ የሚይዝ መቅረጫ ነው። አራቱ ሲሞሉ ቀላቅለው ወደ ሌላ ክር አንድ ወይም ሁለት ትራክ ላይ ያጥፏቸዋል፤ የታጠፈው አይፈታም። ስሕተቱም ምርጫውም አብሮ ይታተማል። እኛ ግን 41 ትራክ ከፍተን፣ ምንም ሳንወስን፣ ውሳኔያችንን ሁሉ ነገ በማይነሣ ፕሮግራም ሆድ ውስጥ እናስቀምጣለን። መመለስ የምንችል ይመስለናልና አንጨርስም።

በፕሮግራሞች መካከል ሥራን የሚያሸጋግር የጋራ ቋንቋ የለም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ቢትዊግና ፕሪሶነስ «ዳው ፕሮጀክት» የተባለ፣ መንገዶቹን ጭምር እንዲያሸጋግር የታሰበ ክፍት ፎርማት አውጥተዋል፤ ሁሉም ፕሮግራም ግን አይናገረውም፤ የእኔ አሮጌው ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ስለዚህ ለዐማተር ክበባት የምመክረው የድሃ ዘዴ ነው። ትራኮቹን ብቻ አታውጡ። እያንዳንዱ ባስ የሚያወጣውንም ድምፅ፣ መጫኛውና ማሚቶው እንዳለበት፣ ለየብቻው አውጡት። የተጠናቀቀውን ቅልቅልም ቢሆን ነውር አለበት ሳትሉ አብራችሁ አስቀምጡ። ከዚያ አንድ ደብተር ግዙ። እኔ ከዚያ ወዲህ የገዛሁት ባለ 50 ቅጠል ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «መሲንቆ፦ ማኅደሩ መሣሪያ፤ መንገዱ ከተራኪ ጋር» ይላል።

መሲንቆውን ከማኅደሩ ሳላወጣ ወደ ወላጁ የሚወስደውን መስመር ዘጋሁና ወደ ንግግሩ ባስ ሰደድሁት። መጫኛው ከመጫን የሚፈታበትን ፍጥነት በጆሮ ስፈልግ ሦስት ሌሊት ሄደ። የስልኩን ረቂቅ በአንድ ጆሮ፣ አዲሱን በሌላው እየሰማሁ ነበር የሠራሁት። በአሥራ አንደኛው ሌሊት፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ተራኪው ሲደናቀፍ ሰማሁ። መሲንቆው ገፋው። ብርድ ልብስ በለበሰችው ክፍል ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብሁ፤ የጎረቤት ውሻ መለሰልኝ።

ለሙት ዓመቱ ሁለት ቀን ሲቀር ይዤው ወደ ልጃቸው ዘንድ ሄድሁ። ዘመዶች እህል እየለቀሙ ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጠን አሰማኋት። እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልተናገረችም። ሲያልቅ፣ «ደኅና ነው፤ እርሱ ነው» አለችኝና ጥቂት ቆይታ፣ «ዕጣኑስ የታለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አልገባኝም። «ሊመታ ሲል መጀመሪያ ደጋኑን ዕጣን ያሻል። እዚህ ቤት መጀመሪያ የምንሰማው እሱን ነው። ጸጉሩ ሲፋቅ ጭር፣ ጭር ይላል። አልቀረጽኸውም?»

ቀርጬዋለሁ። ፋይሎቹ ከዜሮ ሰከንድ ስለሚጀምሩ፣ ከመጀመሪያው ስንኝ በፊት ያለው ሁሉ፣ የወንበሩ መንቋቋት፣ የእኔ ሳል፣ «እንጀምር?» ያለው የተራኪው ድምፅ፣ በመሲንቆው ትራክ ላይ አለ። እንደ ጉድፍ ቆጥሬ በሁለቱም ፕሮግራም ድምፁን ዘግቼበት ነበር። ያን ዕለት ማታ ከወንበሩ መንቋቋት በኋላ ያሉትን አሥራ ዘጠኝ ሰከንዶች ከፈትሁ። ለእነርሱ ባስም ማሚቶም አላበጀሁም፤ በቀጥታ ወደ ዋናው መውጫ ሰደድኋቸው፤ ደብተሩ ላይም ጻፍሁት።